የጅብ ጥላ የበቀለበት መደብ

ባለፈው ሰኔ ከለቡ ወደ መካኒሳ በሚኒባስ ስሄድ አንዲት ሴት ሁለት ችግኝ በፌስታል ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ታክሲው ጉድጓድ ላይ ሲንገጫገጭ ፌስታሉ ተከፍቶ የበሰበሰ ቅጠልና የእርጥብ እንጉዳይ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሌላ ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ሆዱ ይባባል ይባላል፤ የኔ ግን ደሜ ነው የሚፈላው። ጥርሴን ነክሼ መስኮቱን ስከፍት ሴትየዋ የሸተተኝ መስሏት «ይቅርታ እህቴ» ብላ ፌስታሉን ቋጠረችው፣ እኔም ሽታውን እንዳልጠላሁት ላስረዳት ፈልጌ ከየት እንደምጀምር ስላልገባኝ ሳልደርስ ወራጅ ብዬ ወረድኩ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከአባዬ ልጀምር። አባዬ በጎረምሳነቱ ከጋሞ ደጋ የመጣ፣ አማርኛን ዘግይቶ የተማረ፣ ስለዚህም ከመናገሩ በፊት ቃል የሚመርጥ ሰው ነው። ከመካኒሳ ወደ ለቡ በሚወስደው በኩል፣ ወንዝ ዳር በነበረ የችግኝ ጣቢያ ካቦ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ጠዋት የቀን ሠራተኞቹን የሚያሰማራው፣ ሲመሽ አካፋና ባሬላውን ሰብስቦ የሚቆልፈው እሱ ነበር። ለሥራው ተብሎ በግቢው ጥግ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ተሰጥቶን ነበር፣ እማዬም ከሌሎቹ ሴቶች ጋር የችግኝ ፕላስቲክ አፈር ስትሞላ ትውል ነበር፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ወርውሬ አረም እነቅል ነበር። ቤታችንም እንጀራችንም ያው ግቢ ነበር ማለት ነው።

ለኛ ዓመቱ የሚጀምረው በጥቅምት ነበር። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ አባዬ ሁለት አህያ ይዞ ከከተማው ጫፍ ወዳለው ያረጀ የፓቱላ ደን ይሄድ ነበር፤ ፓቱላ የምንለው ቅጠሉ እንደ ረጅም መርፌ ቁልቁል የሚንጠለጠለውን የፈረንጅ ጥድ ነው። ቅዳሜ ከሆነ እኔንም ይወስደኝ ነበር። ከዛፎቹ ሥር የረገፈው ቅጠል እግር ያሰምጥ ነበር፤ አባዬ ላዩን ገለጥ አድርጎ፣ ተንበርክኮ፣ ጥቁሩን አፈር በእጁ እየዛቀ ጆንያ ውስጥ ይከት ነበር፣ በተለይ ቡናማ ባርኔጣ ያላቸው፣ ሲነኳቸው የሚያጣብቁ እንጉዳዮች ከበቀሉበት ቦታ አንድ እፍኝ ሳይጨምር ጆንያውን አይቋጥርም ነበር።

የሰፈራችን ልጆች እንጉዳይ ስናይ «የጅብ ጥላ!» ብለን በእግር መጠለዝ ልማዳችን ስለነበር አንድ ቀን እዚያው ደን ውስጥ አንዱን በጫማዬ መታሁት፣ አባዬም ክንዴን ይዞ አስቆመኝ። አልተቆጣም፤ ትንሽ አፈር አንሥቶ መዳፉ ላይ በተነውና ከሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር አሳየኝ። ከላይ የምናየው ባርኔጣ ፍሬው ብቻ እንደሆነ፣ ዋናው ገላው ይህ ከመሬት በታች የተዘረጋው ክር መሆኑን፣ አንዱ ዓይነት የረገፈውን ቅጠልና የወደቀውን ግንድ እየበላ መልሶ አፈር እንደሚያደርገው፣ ሌላው ደግሞ የዛፉን ሥር ተጠምጥሞ ሥሩ ከማይደርስበት ቦታ ውሃና ምግብ እየቀዳ እንደሚያመጣለት፣ ዛፉም በፋንታው ከፀሐይ የሠራውን ስኳር እንደሚያካፍለው፣ ቃል እየመረጠ፣ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አልነበረም። በወጣትነቱ በሠራበት የደጋ ጣቢያ ፓቱላ መጀመሪያ ሲዘራ ችግኙ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ቀጭጮ፣ አንድ ሽማግሌ የደን ሠራተኛ ከአሮጌ ደን አንድ ጆንያ አፈር አምጥተው ከበተኑበት በኋላ ሲያገግም በዓይኑ አይቶ ነው።

«ዛፍ ብቻውን አይኖርም፤ ይኼ ጎረቤቱ ነው» አለኝ። «ጎረቤት አይረገጥም።»

በበጋው ያን አፈር ከግቢው አፈርና ከወንዝ አሸዋ ጋር ቀላቅለን፣ በወንፊት ነፍተን፣ መደብ እናበጅና ዘር እንዘራ ነበር፤ የፓቱላው ዘር ሲበቅል አናቱ ላይ የዘሩን ቅርፊት እንደ ቆብ ደፍቶ ነው ብቅ የሚለው፣ እኔም ቆቡን የጣለውንና ያልጣለውን እየለየሁ ስም አወጣላቸው ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ ከዚያ ግቢ የሚበልጥ ቦታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

መጋቢት ላይ አዲስ ኃላፊ መጣ። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ የኔ እኩዮች ናቸው፣ እነሱ ምንም አላጠፉም። ንጹሕ ሰው ነበር፤ ንጹሕ ስል ኖራ የሚወድ ማለቴ ነው። በመጣ በሳምንቱ ከበሩ እስከ ቢሮው የተደረደረውን ድንጋይ ሁሉ ኖራ አስቀባ፣ የዛፎቹን ግንድ እስከ ወገባቸው አስቀባ፣ የውሃ በርሜሉን አስቀባ፣ አህዮቹ ቆመው ቢያገኛቸው እነሱንም አይምርም ነበር። ሰኔ ላይ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል፤ እሱ ከዚያ ቀን ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረም።

የበልግ ዝናብ ሁለት ቀን አከታትሎ ጣለና በሦስተኛው ቀን በፓቱላው መደብ ዳር እንጉዳይ ፈላ። ከትምህርት ቤት ስመጣ ኃላፊው መደቡ አጠገብ ቆሞ፣ ሁለት የቢሮ ሰዎች ከኋላው ቆመው፣ ይህን ቆሻሻ ማን ነው ያስገባው እያለ ይጮህ ነበር። አባዬ ወንዙ ጋ ውሃ እያስቀዳ ስለነበር ገና አልደረሰም። እኔ ታዲያ የማውቀውን ነገር ሰው ሲጠይቅ አግኝቼ ዝም ልል ነው? ሮጬ ሄድኩ፣ አንድ ችግኝ ነቀልኩ፣ አፈሩን አራግፌ ሥሩ ላይ የተጠመጠመውን ነጭ ክር ወደ ፊቱ ዘረጋሁለት።

«ይኼ እኮ ጎረቤቱ ነው» አልኩት። «አባዬ ነው ከጫካ ያመጣለት።»

እንዴት እንደሳቀ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አባዬ ሲደርስ ሳቁን ሳይጨርስ፣ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው አንተ እያለ፣ አነጋገሩን እየቀዳበት፣ ሠራተኛው ሁሉ በሚሰማበት ቦታ «ካቦ፣ አገርህ ዛፍ ታመልኩ ነበር አሉ፤ እዚህ ደግሞ ሻጋታ ማምለክ ጀመርክ?» አለው።

ይህ ቃል አባዬን የት እንደሚነካው ኃላፊው ይወቀው አይወቀው እግዜር ይወቅ። የአባዬ አያት እዚያ ደጋ ላይ ቅርንጫፍ እንኳ የማይቆረጥበት፣ ሽማግሎች የሚሰበሰቡበት ጥብቅ ደን ጠባቂ ነበሩ። አባዬ ጌታን ተቀብሎ ከዚያ ሥርዓት ሲወጣ ከአባቱ ጋር ተቀያይሞ፣ አባቱ እስኪሞቱ ሳይታረቁ የቀረ ሰው ነው፤ እሑድ እሑድ በቸርቻችን በር ላይ ቆሞ ሰው የሚያስገባው፣ ወንበር የሚደረድረው እሱ ነበር። ያ ሁሉ ዋጋ የተከፈለበትን ነገር አንድ ባለ ኖራ መጥቶ በአንድ ሳቅ ገለበጠበት፣ አባዬም አቀርቅሮ «እሺ ጌታዬ» ብቻ አለ። እኔ ችግኙን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በዚያው ሳምንት የጫካው አፈር ክምር በባሬላ እየተጫነ ወንዝ ዳር ተደፋ፣ መደቡ የሻጋታ ማጥፊያ መድኃኒት ተረጨበት፣ ችግኞቹም ተነቅለው ወደ ፕላስቲክ ሲዛወሩ ፕላስቲኩ የተሞላው ለቡ ላይ ለቤት መሠረት ሲቆፈር በወጣ ቀይ አፈር ነበር። አፈሩ ንጹሕ ነበር፤ አንድ ቅጠል፣ አንድ ትል፣ አንድ ክር የለበትም። ኃላፊው በእጁ እፍኝ አንሥቶ ለሠራተኞቹ እያሳየ አፈር ማለት ይህ ነው ይል ነበር።

ወሬው ግን ግቢው ውስጥ አልቀረም። ከሠራተኞቹ አንዷ ቸርች ውስጥ አንሥታው ኖሮ በቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ሁለት የቸርቹ ሽማግሎች ቤታችን መጥተው፣ ጸልየው፣ ወንድማችን ታደለ ከአሮጌ ዛፍ ሥር አፈር እያመጣህ ትበትናለህ የሚባለው ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ክፋት አልነበራቸውም፤ ይህን ማለት ያለብኝ ይመስለኛል፣ ብናደድባቸውም። አባዬ ሥራ እንደሆነ፣ ከአምልኮ ጋር ምንም እንደማያገናኘው ለማስረዳት ሞከረ፤ ስለ ክሩ ሲነግራቸው አንደኛው ጎንበስ ብሎ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር፣ አባዬም ያንን አይቶ በመሃል አቆመው። ሲሄዱ እስከ በሩ ሸኝቷቸው ተመልሶ አልጋው ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ጋደም አለ።

ግንቦት ላይ ችግኞቹ ቢጫ መሆን ጀመሩ፣ ቀጥሎ የቅጠላቸው ጫፍ ወደ ሐምራዊ ዞረ፣ ዕድገታቸውም ቆመ። ኃላፊው ውሃ ጨምሩ አለ፣ ቀጥሎ ማዳበሪያ አስበተነ፣ ቀጥሎ ውሃ በዛ አለ። እማዬ አባዬን ቁም ስቅሉን አሳየችው። እሑድ ሰው ሳያይ አንድ ጆንያ አፈር ከደኑ እናምጣና በየፕላስቲኩ ቁንጥር ቁንጥር እናድርግ፣ ችግኙ ከሞተ የሚጠየቀው አንተ ነህ፣ ቤቱም የሥራው ነው፣ ይህችን ልጅ ይዘን የት እንግባ ትለው ነበር። አባዬ መልሱ አንድ ነበር፤ ከእንግዲህ ከዛፍ ሥር አፈር ሲዝቅ ሰው እንዲያየው አይፈልግም። እማዬ ስትነጫነጭ ደግሞ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላታል። ያን ተረት ያኔ ጠላሁት፤ አሁንም እጠላዋለሁ።

ስለዚህ እኔ አደረግሁት። ከትምህርት ቤት ስመለስ በአንድ የቲማቲም ቆርቆሮ ወንዝ ዳር ከተደፋው ክምር እየዛቅሁ፣ አረም የምነቅል መስዬ፣ ከግንቡ አጠገብ ባለው የመጨረሻ ረድፍ ላይ በእያንዳንዱ ፕላስቲክ አፈሩን በጣቴ ፈልፍዬ እቀብር ነበር። ለሁሉም ማዳረስ አልቻልኩም፤ ዝናቡ በረታና ወንዙ ሞልቶ ክምሩን ይዞት ሄደ። አንድ ረድፍ ብቻ ነው የሞላልኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ባለፈው ተናግሬ የሆነውን አይቻለሁ።

እንግዶቹ ሰኔ መጨረሻ ላይ መጡ። በዚያን ጊዜ የኔ ረድፍ ከሌላው ሦስት ጣት ልቆ፣ አረንጓዴው ዓይን የሚያጠግብ ሆኖ ነበር። ኃላፊው ምክንያቱን ሳይጠይቅ ረድፉን ወደ ፊት አስመጣው፣ ድንጋዩን እንደገና ኖራ አስቀባ፣ እንግዶቹም ከኔ ችግኞች ጋር ፎቶ ተነሡ፤ አንዷ ሴትዮ እንዲያውም አንዱን ታቅፋ ነበር የተነሣችው። እኔ ከቤታችን በር ላይ ሆኜ በደስታ ልፈነዳ ደርሼ ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

ሐምሌ ላይ ችግኝ ሊጭኑ የመጡ መኪኖች ቢጫውን አንወስድም ብለው ባዶአቸውን ተመለሱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ፋይል የያዙ ሁለት ሰዎች ጉዳዩን ሊያጣሩ መጡ። ኃላፊው ጃንጥላ ይዞ እየመራ ወደ መደቡ ወሰዳቸው፣ ከዚያም ወደ ኔ ረድፍ እየጠቆመ ተናገረ። ዘሩ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ ፕላስቲኩ አንድ መሆኑን አስረዳቸው፤ በአግባቡ ውሃ የጠጣው እንዲህ አድጓል፣ ካቦው የረሳው ደግሞ ያው እንደምታዩት ነው አላቸው። ሰዎቹ አንዴ አረንጓዴውን አንዴ ቢጫውን አይተው ጻፉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኼ ነው፤ ልዩነቱ ዱላውን ያቀበልኩት እኔ መሆኔ ነው።

አባዬ ረድፉን ትክ ብሎ አየው። ጎንበስ ብሎ በጣቱ የአንዱን ፕላስቲክ አፈር ገለጥ አደረገ፣ ከቀዩ መሃል ጥቁሩን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፤ አፈሩን እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ ውሃማ ሁሉም እኩል ነው የጠጡት ልል ነበር። አባዬ መጥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ ጭኖ ጫን አደረገኝ፣ እኔም ዘጋሁት። ቢሮ ወስደው ወረቀት ሰጡት፤ በእንክብካቤ ጉድለት ይላል፣ አባዬም ቀስ ብሎ፣ ፊደል እየለቀመ አንብቦ ፈረመ።

ነሐሴ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ ዕቃችንን በጋሪ ጭነን መካኒሳ ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን ገባን። አባዬ ሕንፃ በሚሠራበት ዘበኛ ሆነ፣ እማዬ ልብስ አጣቢ ሆነች። ዓመት ሙሉ ከአባዬ ጋር በቅጡ አላወራሁም። ቢመታኝ፣ ቢሰድበኝ፣ አንቺ ነሽ ያፈረስሽን ቢለኝ ይቀለኝ ነበር፤ እሱ ግን ስለዚያ ረድፍ አንድም ቀን አላነሣብኝም። ኃላፊውንም አልሰደበውም። እኔ በሦስታችን ፋንታ እየተናደድኩ አደግሁ፤ በኃላፊው ሳቅ፣ በሽማግሎቹ ጸሎት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትከሻዬን በተጫነኝ በዚያ እጅ።

በዚያ ንዴት ነው የተማርኩት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህሩ ስለ ፈንገስና ስለ ዛፍ ሥር ሲያስተምር አባዬ መዳፉ ላይ በትኖ ያሳየኝን ነገር በሰሌዳ ላይ ሥሎት ሳየው ጓደኞቼ እስኪገረሙ አለቀስኩ፤ የንዴት ለቅሶ ነበር። ስመረቅ አሁን የምሠራበት መሥሪያ ቤት ገባሁ። የተተከሉ ችግኞች ስንቱ እንደጸደቀ ከየቦታው የሚመጣውን ሪፖርት የምሰበስበው እኔ ነኝ። እማዬ ካረፈች ወዲህ አባዬ ከኔ ጋር ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ነው የሚኖረው፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሪፖርት መጣልኝ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ጸድቋል ይላል። ቦታውን አላየሁትም፤ መኪና የለም ተባለ፣ ቀኑ አልፏል ተባለ፣ አለቃዬም በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር እንደማይሆን ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቢሮ የለም። ፈረምኩ።

ማታ እራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት። ለምን እንደነገርኩት አላውቅም፤ ምናልባት በመጨረሻ እንዲቆጣኝ ፈልጌ ይሆናል። አልተቆጣኝም። ማንኪያውን አስቀምጦ፣ እንደ ድሮው ቃል መርጦ ጠየቀኝ።

«አፈሩ ከየት ነው የመጣው?»

በዘጠኝ ዓመቴ ቢሆን የጠየቀኝ፣ የትኛው ጆንያ በየትኛው ቅዳሜ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደተዛቀ አንድ በአንድ እነግረው ነበር፣ እውነቱን ለመናገርም የምፈራው ሰው አልነበረም። አሁን ዲግሪ አለኝ፣ ማኅተም አለኝ፣ የምፈርምበት ወንበር አለኝ።

«አላውቅም አባዬ» አልኩት።